መጀመሪያ ሰርቪሱ

አንዳንድ የእንግሊዝኛ ቃል ወደ እኛ ሲመጣ እንደ ሩቅ ዘመድ ነው። ለአንድ ጉዳይ ነው የመጣሁት ይልና እዚያው ይቀራል፤ ትንሽ ሲቆይ ደግሞ የማይገባበት ጓዳ አይኖርም። «ሰርቪስ» እንደዚያ ያለ ቃል ነው። ሠራተኛ የሚያመላልሰው አውቶቡስ ሰርቪስ ይባላል። መኪና ዘይቱ ተቀይሮ፣ ፍሬኑ ታይቶ፣ ብሎኑ ተጠባብቆ ሲወጣ ሰርቪስ ተደረገ እንላለን። ሰው በአንድ መሥሪያ ቤት የቆየበት ዘመን ሰርቪሱ ነው። ሆቴል ገብተን ሻይ ብንጠጣ፣ አስተናጋጁ ፊቱን አኮሳትሮ ስላቀረበልን፣ ሰርቪስ ተብሎ ይታሰብብናል። ከትልቅ ቤት ኋላ ከአጥሩ ጋር ተለጥፋ የምትሠራው ዝቅ ያለች ቤትም ሰርቪስ ናት፤ ወጥ ቤቱ፣ የሠራተኛ መኝታው፣ የተሰበረው ወንበር፣ እንግዳ እንዳያየው የሚፈለግ ነገር ሁሉ እዚያ ነው።

አጎቴ፣ የእናቴ ታላቅ ወንድም፣ ከዚህ ቃል አንድ ቀን እንኳ ወጥቶ አያውቅም። ሰርቪስ ውስጥ ተወለደ፣ ሰርቪስ ነዳ፣ በየጊዜው ሰርቪሱን ሰርቪስ አስደረገ፣ በመጨረሻም ሰርቪሱን ጨረሰ ተብሎ ጡረታ ወጣ። ይህን ስናገር የሚስቁ ሰዎች አሉ። እኔም ድሮ እስቅ ነበር። አሁን ግን ሳቁ አይመጣልኝም፤ ለምን እንደማይመጣልኝ ልንገራችሁ።

አያቴ የአንድ ሀብታም ነጋዴ ምግብ አብሳይ ነበረች። ባሏ በወጣትነቷ ስለሞተባት አጎቴንና እናቴን ያሳደገችው ከነጋዴው ትልቅ ቤት ኋላ ባለችው ሰርቪስ ነው። ክፍሏ አንድ መስኮት ነበራት፤ መስኮቱ ግን የሚከፈተው ወደ አጥሩ ግንብ ነው። በመስኮቱና በግንቡ መካከል ከድመት በቀር የሚያልፍ ፍጡር የለም። መንገዱ ከግንቡ ወዲያ ስለሆነ አያቴ ሰው ሲያልፍ ትሰማለች እንጂ አታይም። ከዘመን ብዛት አላፊ አግዳሚውን በኮቴውና በሳሉ ለየችው። «ይሄ ባለሱቁ ነው»፣ «ይቺ ደግሞ ዛሬም ከባሏ ተጣልታለች፣ አረማመዷን ስሙት» ትላቸው ነበር ልጆቿን። የብዙዎቹን ፊት ሳታውቅ እዚያው አረጀች።

«እንደው አንድ ነገር ለምኚ ብባል» ትል ነበር፣ «ወደ መንገድ የሚያይ መስኮት ነው የምለምነው። ቁጭ ብዬ ሰው ሲያልፍ ላይ። ሌላውን ለወጣቶቹ።»

አጎቴ ይህን እየሰማ አደገ። ልጅ ሆኖ አንድ ቀን ኳስ ሲያባርር ሳያስበው ወደ ትልቁ ቤት የፊት በረንዳ ወጣ። የቤቱ እመቤት ከእንግዶቻቸው ጋር ተቀምጠው ነበርና «አንተ የሰርቪሱ ልጅ፣ በኋላ በኩል ዙር» አሉት። በቁጣ እንኳ አልነበረም፤ ዝንብ እንደሚያባርር ሰው ነው ያሉት። አጎቴ በኋላ በኩል ዞረና ለእናቱ ቃል ገባላት። በፊት ለፊት በር የሚገቡበት ትልቅ ቤት ሠርቶ፣ ወደ መንገድ የሚያየውን ክፍል ለእሷ ሊሰጣት። ቀልድ አልነበረም። አጎቴ ቀልድ አያውቅበትም፤ የሚያስቀን ሳያስበው ነው።

ሲያድግ መንጃ ፈቃድ አወጣና ሳሙና ፋብሪካ በሠራተኛ ሰርቪስ ሹፌርነት ተቀጠረ። እኔም በኋላ እዚያው ማሸጊያ ክፍል ስለገባሁ ለብዙ ዓመት የተሳፈርኩት ከእሱ ጋር ነው። ሠራተኛው ስሙን ትቶ «ጋሼ ደቂቃ» ይለዋል፤ ማንንም አይጠብቅምና። ጫማዋን በእጇ ይዛ የምትሮጥ ሴት በመስተዋት እያየ ሞተሩን ያነሣል። «ጋሼ፣ አንድ ደቂቃ ብትጠብቃት ምናለ?» ስንለው «ደቂቃዋ የእኔ ብትሆን እሰጣት ነበር፤ የሁላችሁ ናት» ይላል። ለእኔ ለእህቱ ልጅ እንኳ ቆሞልኝ አያውቅም። ዝናብ እየወረደብኝ ጥሎኝ ሄዶ፣ ሥራ ቦታ ሲያገኘኝ «ሴት ልጅ እንዴት ትዘገያለች?» ብሎ የተቆጣኝ ቀን አለ።

የማታው አጎቴ ግን ሌላ ሰው ነው። ሁሉንም በየበሩ ያወርዳል። ሴት ካወረደ በሩን ከፍታ እስክትገባ ድረስ በመኪናው መብራት እያበራላት ይጠብቃል፤ ያኔ ደቂቃዋ የማን እንደሆነች አይጠይቅም። ሰውን በሰላም ቤቱ ማድረስ ለእሱ ከደመወዝ በላይ ነበር። «ሹፌር ማለት ነጂ ማለት አይደለም፣ አድራሽ ማለት ነው» ይለን ነበር።

ትዳር ይዞ ሴት ልጅ ከወለደ በኋላ በፋብሪካው የቤት ማኅበር በኩል ቦታ ተመራ። ቦታ የተመራ ሰው ሁሉ የሚያደርገው አንድ ነው። መጀመሪያ ሰርቪሱን ይሠራል። ከኋላ፣ ከአጥሩ ጥግ፣ ሁለት ክፍል ከነወጥ ቤቱ ያቆምና ከኪራይ ይወጣል። እዚያ እየኖረ ፊት ለፊቱን ለዋናው ቤት ባዶ ይተወዋል። ዋናው ቤት ሲያልቅ ወደ ፊት ይሻገራል፤ ሰርቪሷ ለሠራተኛና ለዕቃ ትሆናለች። ሐሳቡ ብልሃት አለው። ጉድለቱ ከኋላ ሆኖ የሚጠብቀው ሰው እያረጀ መሆኑን አለማሰቡ ነው።

አጎቴም እንደ ሰው ሁሉ ሰርቪሱን ሠርቶ ሚስቱን፣ ልጁንና እናቱን ይዞ ገባ። አያቴ ከሰው ሰርቪስ ወጥታ ወደ ልጇ ሰርቪስ ገባች። የመጀመሪያ ቀን ክፍሏን ዞር ዞር ብላ አየችና መስኮቱን ከፈተች። ፊት ለፊቷ የጎረቤት ግንብ ነው። አጎቴ ፊቷን አይቶ ደነገጠ።

«እማዬ፣ ይሄ እኮ ለጊዜው ነው» አላት። «ዋናው ቤት ሲያልቅ ይቺን ክፍል የሽንኩርት ማስቀመጫ ነው የማደርጋት።»

«እሺ ልጄ» አለችው። «ሽንኩርቱ እስኪመጣ እኔ እቀመጥባታለሁ።»

የዋናው ቤት መሠረት ተጣለ። ባለ ፎቅ ነው፤ ፕላኑ በመስተዋት ተደርጎ በሰርቪሷ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። ከዚያ ቆመ። ብረት ተወደደ፣ ሲሚንቶ ጠፋ፣ ሲሚንቶ ሲገኝ ልጅ ታመመች፣ ልጅ ስትድን ግንበኛው ጠፋ። አጎቴ ዓመት በመጣ ቁጥር «ዘንድሮማ እጀምራለሁ» ይላል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ሲል ያልሰማ ተሳፋሪ የለም። የእሱ እንቁላል ግን እንደተቀመጠ ቀረ። ሰርቪስ ውስጥ ከኋላ የሚቀመጡት ጎረምሶች ሳይቀሩ «ጋሼ፣ ዘንድሮ ስንተኛው ዘንድሮ ነው?» እያሉ ያሾፉበት ጀመር።

ቤቱ አልተሠራም እንጂ በአጎቴ ሐሳብ ግን አልቋል። ባዶውን መሠረት በየክፍሉ ስም ነው የሚጠራው። እትዬ፣ ሚስቱን እኔ እንደዚያ ነው የምጠራት፣ ልብስ ስታሰጣ «ሳሎን ላይ አታስጪ» ይላታል። አንድ ጊዜ ሰላጣ ብትተክል «መኝታ ቤት ውስጥ ሰላጣ ይበቅላል?» ብሎ ነቀለው። የጎረቤት ፍየል አጥር ዘላ የገባች ቀን እትዬ በሳቅ እየተንከተከተች «ኧረ ቶሎ ድረስ፣ እንግዳችን ምግብ ቤት ገብታ ሰው ብታጣ ተቀይማለች» ብላ ጠራችው። ሁላችንም ሆዳችንን ይዘን ሳቅን። እሱ ፍየሏን አስወጥቶ አጥሩን አጠበቀ።

ያ አጥር ቆርቆሮ ነበር፤ በሩም ቆርቆሮ ነው፣ ሁልጊዜም ዝግ። አያቴ ቀን ቀን በርጩማዋን ይዛ ትሄድና በሩን ገርበብ አድርጋ ትቀመጣለች። አጎቴ ሲመጣ ይዘጋዋል።

«ያላለቀ ቤት ለሰው አይታይም፣ እማዬ። አላፊ አግዳሚው ምን ይላል?»

«ምን ይለኛል? ደህና ዋልሽ ነዋ የሚለኝ።»

አልገባውም። የበረንዳው ነገር አሁንም ልቡ ውስጥ ነበር። ሰው በሩ ላይ ቆሞ ያችን ከኋላ የተለጠፈች ቤት ሲያይበት የሰርቪሱ ልጅ የሚለው ይመስለዋል። እልህ ይባላል ይሄ። እልህ ብዙ ነገር ያሠራል፤ ቤት ግን ሲሠራ አላየሁም።

አንድ ጊዜ ብቻ አያቴን ደስ አሰኝቷታል፤ እሱም ሳያስበው ነው። አውቶቡሱ ሰርቪስ ተደርጎ ከጋራዥ ሲወጣ መንገድ ላይ ይሞከራል። ያን ቅዳሜ አያቴን ከፊት ወንበር አስቀምጦ ከተማውን አዞራት። ትልቁ መስተዋት ፊቷ ነው። ሰው ሁሉ ፊቷ ነው። በየመብራቱ ሲቆም አጠገቧ ለሚያልፈው ሁሉ ጎንበስ እያለች ሰላምታ ትሰጣለች፤ የማያውቋት ሰዎችም ይመልሱላታል። ቤት ስትደርስ ፊቷ እንደ ሙሽራ በርቶ ነበር። «ይሄን መስኮት ነቅለህ ብታመጣልኝ» አለችው። አጎቴ እንደ ቀልድ ሰማው። ሌላ ቅዳሜ ደግሞ ውሰደኝ ብትለው «እማዬ፣ ሰርቪሱ የሠራተኛ ነው፣ ደንብ አለው» አላት። ደንብ ማክበሩን አልነቅፍም። ግን ደንብ የማያከብር ልጅ ቢኖራት ያን ዕለት ይሻላት ነበር እላለሁ።

ልጁ ሁለተኛ ደረጃ ስትገባ የእንግሊዝኛ አስተማሪዋ ብዙ ትርጉም ያለው አንድ ቃል መርጣችሁ ኑ ብሎ የቤት ሥራ ሰጣቸው። እሷም «ሰርቪስ»ን መረጠች፤ እዚያ ቤት ከዚያ የቀረበ ቃል ከየት ይመጣል? እሑድ ነበርና እኔም ነበርኩ። ወፍራም መዝገበ ቃላት ተውሳ መጥታ አያቴ አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ትተረጉምልን ጀመር። መኪና ማደስ አለ። ወታደር ሆኖ መሥራት አለ። የቤተ ክርስቲያን ጸሎት አለ። የሻይ ስኒና ማንቆርቆሪያ አንድ ላይ ሲሆን አለ። በቴኒስ መጀመሪያ ኳሷን መምታት ሳይቀር አለ።

«ይሄ ቃል ጎበዝ ነው፣ ሥራ አይንቅም» አለ አጎቴ። በዕድሜው ያመጣት ቀልድ ይቺ ናት፤ እትዬ ከወጥ ቤት ሆና አጨበጨበችለት።

«የእኛይቱስ?» አለች አያቴ።

«የቷ፣ እማማ?»

«ይቺ የተቀመጥንባት።»

ልጅቷ ጣቷን በገጹ ላይ እያስኬደች ፈለገች። «የለችም። ከኋላ የምትሠራ ቤት የሚል የለውም። እሷን የጨመርናት እኛ መሆን አለብን።»

«እና መጀመሪያ ላይ ምን ይላል? ዋናው ትርጉሙ?»

«ለሌላ ሰው መሥራት፣ ማገልገል።»

አያቴ ትንሽ አሰበች። «እንግዲያውስ በትክክል ነው የጨመራችኋት» አለች። «ሌላው ሰው ሲመሽ ከሥራው ወጥቶ ቤቱ ይገባል። እኔ ሥራዬ ውስጥ ነው ያደርኩት።»

በቁጣ አልተናገረችውም፤ እንዲሁ የገባትን ነው ያለችው። የአጎቴ ፊት ግን ጠቆረ። አያቴም ይህን አይታ ይሁን ወይም ጊዜው እንደሚያጥር ታውቋት፣ ለዓመታት በዙሪያው ስትሽከረከር የኖረችውን ነገር ፊት ለፊት ጠየቀችው።

«ልጄ፣ ፎቁን ተወው። እዚያ መሠረት ላይ አንድ ክፍል ብቻ ሥራልኝ። በመንገድ በኩል፣ መስኮት ያላት። ጉልበቴ እያለ ልግባባት።»

«እውነቷን ነው» አለች እትዬ ብቅ ብላ። «አንድ ክፍል ስንት ነገር ይፈጃል?»

አጎቴ ተነሥቶ ቆመ። «አንድ ክፍል? አንድ ክፍል ከሠራሁ እኮ ሁለተኛ ሰርቪስ ሠራሁ ማለት ነው። ዕድሜሽን ሙሉ ሰርቪስ ኖረሽ፣ እኔ ደግሞ ሌላ ሰርቪስ ከፊት ልገትርልሽ? ትልቁን ቤት ሠርቼ በዋናው በር ነው የማስገባሽ።»

«ትልቁን እኔ አልጠየቅኩህም።»

«ቃል ገብቻለሁ።»

«ለማን?» አለችው።

መልሱን እኔ ልንገራችሁ። ቃሉን የገባው ከበረንዳው ለተባረረው ልጅ ነው። አያቴ አንድ መስኮት ስትለምነው፣ እሱ ከሞቱ ብዙ ዘመን ለሆናቸው ለእኚያ እመቤት መልስ የሚሆን ቤት በሐሳቡ ያቆም ነበር። ለእናቱ ፍቅር አጥቶ አይደለም፤ የሞላ ፍቅር ነበረው፣ ግን ከምትፈልገው ይልቅ ይገባታል ያለውን ሊሰጣት ብሎ ሁለቱንም አስቀረባት።

ጥቂት ዓመታት እንደዚያው አለፉ። አንድ ክረምት አያቴን ሳል ያዛት። ሰርቪሷ ከግንቡ ጋር ተለጥፋ ፀሐይ አይነካትም፣ ጥጓ ሁልጊዜ ይሻግታል። ጤና ጣቢያ ስንወስዳት ሐኪሙ አጎቴን ለብቻው አስገብቶ ሳንባዋ እንደተጎዳ፣ ዕድሜዋም እንደገፋ፣ ብዙ ተስፋ እንዳያደርግ ነገረው። አጎቴ ሲወጣ ቁልፉን በእጁ ጨብጦ ቁልፉን ይፈልግ ነበር።

በማግስቱ ፈቃድ ወሰደ፤ በሥራ ዘመኑ የመጀመሪያው ነው። ግንበኛ ጠራ፤ ብሎኬት፣ አሸዋና ሲሚንቶ አራገፈ። አንድ ክፍል፣ በመንገድ በኩል፣ መስኮት ያላት። ያን ሁሉ ዘመን ብረት ተወደደ ሲል የኖረ ሰው በጥቂት ሳምንት ግድግዳ አቆመ፣ ቆርቆሮ መታ፣ መስኮት ገጠመ። ሰርቪስ መሰለች አልመሰለች አልታየውም። እትዬ ብሎኬት እያቀበለች ታለቅሳለች፤ የምታለቅሰው ለአማቷ ብቻ አይመስለኝም። ይሄን ያህል ቀላል ነበር እንዴ እያለች ነው።

ልስኑ እንዳለቀ አያቴን በወንበር ተሸክመን እስከ ደጃፉ አመጣናት። አንገቷን አስግጋ አየች። መስኮቱ ትልቅ ነው፤ ከመስኮቱ ፊት የነበረውን የአጥር ቆርቆሮ አጎቴ ራሱ አንስቶታል። ልናስገባት ስንል መርፌ ልትወጋት የምትመጣው ነርስ ደረሰች። ግድግዳውን በመዳፏ ነካ አደረገችና እጇን አየችው።

«ይሄ እኮ እርጥብ ነው» አለች። «እዚህ ካስተኛችኋት ሳንባዋ አይችለውም። እስኪደርቅ ጠብቁ።»

«ምን ያህል ይፈጃል?» አላት አጎቴ።

«እኔ ግንበኛ አይደለሁም፣ አባባ። በዚህ ዝናብ ግን...»

ተረቱ «ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ» ይላል። እርጥቡን ጊዜ ያሳለፈ ሰው አሁን የቀረው እስኪደርቅ መጠበቅ ነው። አያቴን መልሰን ተሸክመን ሰርቪሷ አስገባናት። ከዚያን ቀን ጀምሮ የአጎቴ ሥራ ግድግዳ መዳበስ ሆነ። ከሰል አቀጣጥሎ ክፍሏ መሃል ያስቀምጣል፤ ዝናቡ ጋብ ሲል መስኮቱን ይከፍታል፣ ሲመለስ ይዘጋል። ለሰው ደቂቃ የነፈገው ሹፌር ሲሚንቶን ሊያስቸኩል ይለምናል። ሲሚንቶ ልመና አይሰማም።

«ደረቀ?» ትለዋለች አያቴ ከአልጋዋ።

«ነገ ነው፣ እማዬ።»

በማግስቱም ነገ ነው። በኋላ መጠየቁን ተወችው። አንድ ጠዋት በከሰል የጠቆረ እጁን ይዛ «አትድከም ልጄ፣ ይቺም ቤት ናት፣ ለምጃታለሁ» አለችው። ልታጽናናው ነው። አጎቴ ወጥቶ ከውሃ በርሜሉ ኋላ ቆመና ተንሰቅስቆ አለቀሰ። ብትቆጣው፣ ብትረግመው ይቀለው ነበር።

ፈቃዱ አለቀና ሥራ ገባ። የእሱ ቤት ከመስመሩ መጨረሻ ላይ ነው፤ ሰውን ሁሉ አውርዶ ነው በዚያ የሚያልፈው። ያን ቀን እኔም አያቴን ልጠይቅ አብሬው እስከ መጨረሻው ሄድኩ። እንደ ልማዱ ሁሉንም በየበሩ አደረሰ። እርጉዝ የነበረች ባልደረባችንን ቁልፉ አስቸግሯት በሯን እስክትከፍት ጠበቃት፤ ገብታ እጇን እስክታውለበልብለት አልተንቀሳቀሰም።

ወደ ሰፈሩ ስንታጠፍ የቆርቆሮው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ሰው ይገባል፣ ሰው ይወጣል። አጎቴ ፍሬን ያዘ።

«ማነው በሩን የከፈተው?» አለ በቁጣ።

ከዚያ ገባው። ሞተሩን አጠፋ፤ እጁን ግን ከመሪው ላይ ማንሣት አቃተው። ጣቶቹን አንድ በአንድ ያላቀቅኩለት እኔ ነኝ።

አያቴ ያረፈችው ከሰዓት በኋላ ነበር፣ ሰርቪሷ ውስጥ፣ ግንቡን ወደሚያየው መስኮት ፊቷን መልሳ። እትዬ አጠገቧ ነበረች። መጨረሻ ላይ የሆነ ኮቴ ሰምታ «ማነው የሚያልፈው?» አለቻት፤ እትዬ ወጥታ አይታ ስትመለስ አልቆየቻትም።

ለለቀስተኛው መሠረቱ ላይ ወንበር ተደረደረ። አጎቴ ሳሎን በሚለው ቦታ ለመጀመሪያ ጊዜ እንግዳ ተቀመጠ። በሩ ክፍት ስለሆነ የማናውቀው አላፊ አግዳሚ ሳይቀር ገባ እያለ «እግዜር ያጥናችሁ» ይላል። ያን ሁሉ ፊት አያቴ ብታየው ኖሮ እላለሁ። ይህን ባሰብኩ ቁጥር በአጎቴ እናደዳለሁ፤ ወዲያው ደግሞ አንጀቴን ይበላዋል።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ አጎቴ ቤቱን የሠራው ከዚያ በኋላ ነው። ፎቁን ትቶ ከዚያች ክፍል ጎን ሌላ ክፍል፣ ከእሱም ጎን ሌላ እየቀጠለ ለጡረታው አደረሰው። የስንብቱ ቀን ሥራ አስኪያጁ ስለ ረጅምና ታማኝ ሰርቪሱ ብዙ ከተናገሩ በኋላ እሱም ንግግር እንዲያደርግ ተጠየቀ። ኮፍያውን በእጁ እያዞረ ቆመ።

«በዚህ ሁሉ ዘመን አንድ ሰው አላዘገየሁም» አለ። አዳራሹ አጨበጨበ። ጭብጨባው እስኪያልቅ ጠበቀ። «እናቴን ብቻ ነው። እሷን ሳላደርሳት መሸብኝ።»

ተቀመጠ። የሚያደርገው የጠፋው ሰው እንደገና አጨበጨበ። እኔ በጭብጨባው ተናድጄ ወጣሁ።

ቤቱ አልቆ፣ ቀለም ተቀብቶ፣ አጎቴ ግን ለመግባት እግሩ ተጎተተ። ወለሉ ይወልወል፣ በሩ ሁለተኛ ቀለም ይቀረዋል፣ መጋረጃው ይምጣ ይላል። ያው የድሮው ዘንድሮ ነው፣ ልብስ ለውጦ የመጣ። እትዬ ታገሠች፣ ታገሠች፤ አንድ ጠዋት ፍራሿን ጠቅልላ በራሷ ላይ ተሸከመች።

«ወዴት ነው?» አላት።

«ወደ ቤቴ ነዋ» አለችው። «ለእናትህ ግድግዳ ያቆምክላት ልትሞት ስትል ነው። እኔን መቼ ልታስገባኝ ነው የምትጠብቀው?»

መልስ ሳትጠብቅ ግቢውን አቋርጣ ገባች። ያችን የመጀመሪያዋን ክፍል ለራሷ ያዘችና መስኮቷን ከፈተች፤ ስታልፍ ያየቻትን ጎረቤት «ደህና አደርሽ?» አለቻት።

ባለፈው እሑድ ልጠይቃቸው ሄጄ ነበር። ልጃቸው አግብታ ወጥታለች፤ ሁለቱ ብቻ ናቸው። አጎቴ ምሳውን ከፊት ይበላል፣ ከፊት ሬዲዮ ይሰማል፣ እንግዳም ከፊት ይቀበላል። ጀምበር ስታዘቀዝቅ ግን ነጠላ ጫማውን እየጎተተ ወደ ሰርቪሷ ይሻገራል። የሚያድረው እዚያ ነው።

«እስቲ አንቺ ንገሪው» አለችኝ እትዬ። «እኔስ አፌ ደከመ።»

ተከትዬው ሄድኩ። የአያቴን ክፍል መብራት አብርቶ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጧል።

«አጎቴ፣ ቤቱ እኮ አለቀ። ለምንድነው ከፊት የማትተኛው?»

«ሞክሬ ነበር» አለኝ። «ተኝቼ በጓሮው መስኮት ሳይ ይቺ ጨለማ ሆና ትታየኛለች። እናቴን ከኋላ ትቼ እኔ ከፊት የገባሁ ይመስለኛል።»

አጠገቡ ተቀመጥኩ። ከግቢው ማዶ እትዬ የፊቱን በር ስትዘጋ፣ መቀርቀሪያውን ስትወረውር ተሰማን።

«እትዬም እኮ እዚያ ብቻዋን ናት» አልኩት።

«አውቃለሁ» አለ አጎቴ፤ ከተቀመጠበት ግን አልተነሣም።